የድርጅት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ ምንድን ነው?

የድርጅት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስትራቴጂ ማለት አንድ ተቋም ይህን ቴክኖሎጂ በየትኛው ሥራው ላይ እንደሚጠቀምበትና በየትኛው ላይ እንደማይጠቀምበት፣ ለዚያ የሚያስፈልገውን መረጃ፣ ገንዘብና ባለሙያ ከየት እንደሚያገኝ፣ ስሕተት ሲፈጠርም ተጠያቂው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ወስኖ የሚያጸድቀው ሰነድ ነው። ለተጻፈለት ጥያቄ መልስ የሚጽፈው ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ ብዙ ተቋማት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ገዝተው ወይም በነጻ ከፍተው ሥራ ላይ ማዋል ጀምረዋል። ብዙዎቹ ግን ለምን ሥራ እንደሚፈልጓቸው ሳይወስኑ ነው የጀመሩት።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት ከቃሊቲ እስከ ገላን ባሉ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች ያቋቋሙትን አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር በምሳሌነት እናስብ። አባላቱ በየወሩ ከደመወዛቸው እያስቆረጡ ይቆጥባሉ፣ የማኅበሩን ዕጣ (አክሲዮን) ይገዛሉ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የቤት ኪራይ ሲጠናባቸው ይበደራሉ። ብድሩን የሚያጸድቀው የብድር ኮሚቴ፣ ሒሳቡን የሚከታተለው የቁጥጥር ኮሚቴ፣ የሁሉም የበላይ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሥራ አስኪያጁ አባላት ብድር ለማግኘት እንደሚጉላሉ ስለሚያውቅ፣ አመልካቹ ብድሩን ይመልስ እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ የሚተነብይ ሥርዓት አለኝ የሚል ሻጭ ቢመጣለት በደስታ ሊቀበለው ይችላል።

ስትራቴጂ የሚጀምረው እዚህ ላይ ቆም ብሎ የመጓተቱን መንስኤ ከመመርመር ነው። ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ ገንዘቡ እስከሚከፈልበት ቀን ያለው ጊዜ በየደረጃው ሲለካ፣ ኮሚቴው ለመወሰን የሚወስደው ጊዜ አጭር ሆኖ ሳለ ረጅሙ ጊዜ የሚባክነው የአመልካቹንና የዋሶቹን የቁጠባ ታሪክ ከወረቀት መዝገብ ፈልጎ በማመሳከር ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲያ ከሆነ የትንበያ ሥርዓቱ ምንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን የማኅበሩን ችግር አይነካውም። ይህ ልኬት በጽሑፍ መቀመጥም አለበት፤ ከዓመት በኋላ የተደረገው ወጪ ጥቅም ማምጣት አለማምጣቱን ለማወቅ የሚቻለው ከመነሻው ጋር በማነጻጸር ብቻ ነውና።

መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ከባድ ሥራ ነው፤ በእኔ እምነት ከስትራቴጂው ሰፊውን ቦታ መያዝ ያለበትም ይኸው ነው። አንዲት አባል በቁጠባ ደብተሯ «ፀሐይ»፣ በዕጣ መዝገቡ «ጸሐይ»፣ አሠሪዋ በሚልከው የደመወዝ ተቀናሽ ዝርዝር ላይ ደግሞ «ፀሀይ» ተብላ ተጽፋ ልትገኝ ትችላለች፤ ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው መሆኗን በዓይኑ ሲለይ፣ ኮምፒዩተሩ ግን ካልተነገረው በስተቀር ሦስት ሰዎች አድርጎ ይይዛታል። በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚመሳሰሉ አባላትም አይጠፉም። ቀኖቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፤ አንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን በመካከላቸው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይኖራል፣ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌርም በጳጉሜን ቀን የተፈረመ ውል ላይቀበል ይችላል። የፋይዳ ቁጥር ለእያንዳንዱ አባል መለያ እንዲሆን መወሰን፣ የፊደል አጠቃቀምን ወጥ ማድረግ፣ ቀን በአንድ አቆጣጠር ብቻ እንዲመዘገብ ማዘዝ ለጆሮ ተራ የቢሮ ሥራ ይመስላሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ሳይፈጸሙ የሚገዛ ማንኛውም ሥርዓት የተዛባውን ተቀብሎ የተዛባ መልስ ይሰጣል።

መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላም በውስጡ ያለው ታሪክ ራሱ መመርመር ይኖርበታል። ማኅበሩ ለዓመታት ሲያበድር የኖረው ለቋሚ ሠራተኞች ከሆነ፣ ከዚህ ታሪክ የሚማር ሞዴል፣ ማለትም ካለፈ መረጃ ተምሮ የሚተነብይ ፕሮግራም፣ ጊዜያዊ ሠራተኞችን እየለየ መከልከልን ይማራል፤ ምክንያቱን የሚጠይቀው ቢኖር እንኳ የሚያቀርበው ቁጥር ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሮይተርስ እንደዘገበው፣ አማዞን የሥራ አመልካቾችን ለመለየት ሲያበለጽገው የነበረውን የሙከራ ሥርዓት የተወው የ10 ዓመት ማመልከቻዎችን እንዲማር ሲደረግ፣ አብዛኞቹ አመልካቾች ወንዶች ስለነበሩ፣ የሴቶችን ማመልከቻ ዝቅ አድርጎ መመዘን በመጀመሩ ነበር። ያንን የሚያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት ማረም ያቃተውን ነገር አንድ የሠራተኞች ማኅበር አርማለሁ ብሎ መነሳት የለበትም። ስለዚህ ብድር የመፍቀድና የመከልከል ውሳኔ በኮሚቴው እጅ እንደሚቆይ ሰነዱ በግልጽ መጻፍ አለበት። እንዲህ ዓይነት ክልከላ የሌለውን ሰነድ ስትራቴጂ ብሎ ለመጥራት ይከብደኛል።

ታዲያ ለማኅበሩ የሚበጀው አጠቃቀም የትኛው ነው? ከተለመደው ወጣ ያሉ የገቢና የወጪ ምዝገባዎችን እየለየ ለቁጥጥር ኮሚቴው የሚያሳይ ሥርዓት አንዱ ነው፤ ስሕተት ቢፈጽም የሚያስከትለው ጉዳት አንድን ትክክለኛ ምዝገባ ዳግመኛ ማየት ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም ሰው ነው። ለአባላት ጥያቄ በስልክ መልእክት መልስ የሚሰጥ ረዳት ሌላው ነው፤ ይህኛው ግን ጥንቃቄ ይሻል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ክርክሮች መፍቻ ጉባኤ፣ የኤር ካናዳ ድረ ገጽ ላይ ያለው የውይይት ረዳት ለአንድ መንገደኛ ስለ ሐዘን ጊዜ የቲኬት ቅናሽ የሰጠው የተሳሳተ መረጃ አየር መንገዱን ተጠያቂ እንደሚያደርገው ወስኗል፤ ረዳቱ ራሱን ችሎ ተጠያቂ ይሁን የሚለውንም መከራከሪያ አልተቀበለውም። ማኅበሩም ረዳቱ ስለ ወለድና ስለ መክፈያ ጊዜ የሚናገረውን ሁሉ እንደ ራሱ ቃል ቆጥሮ መነሳት አለበት።

በተጨማሪም እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ በአማርኛ የሚሰጡት መልስ ይደክማል። ዋጋውም ላይ ልዩነት አለ፤ ኮምፒዩተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ሞዴሎቹም የአማርኛን ቃል ወደ ብዙ ትንንሽ ቁርጥራጮች ስለሚከፋፍሉት በቁርጥራጭ ብዛት በሚከፈልበት አገልግሎት ተመሳሳይ ሐሳብ በአማርኛ ይወደዳል። በመሆኑም ከመግዛት በፊት አባላት በመስኮት የሚጠይቋቸውን እውነተኛ ጥያቄዎች በራሳቸው አነጋገር መሰብሰብ፣ ገላን አካባቢ ያሉ አባላት የሚጠይቁት በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን ያንንም ማካተት፣ መልሶቹንም ሥራውን በሚያውቁት ገንዘብ ያዦች ማስመዘን ያስፈልጋል። የሻጩ ማሳያ ይህን ፈተና አይተካም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም አካል ሁሉ በሕጋዊ ምክንያትና ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲሠራ ያስገድዳል፣ መረጃው ከአገር የሚወጣበትንም ሁኔታ ይገድባል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሰኔ 2016 ዓ.ም. አገር አቀፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል። ለማኅበሩ ይህ የሚኖረው የመጀመሪያ ትርጉም ማንም ሠራተኛ የአባላትን ስም፣ ደመወዝ ወይም የብድር ማመልከቻ በነጻ በሚገኙ የውይይት መሣሪያዎች ላይ እንዳይለጥፍ መከልከል ነው። በ2015 ዓ.ም. ሳምሰንግ ሠራተኞቹ ምስጢራዊ የፕሮግራም ኮድ ወደ ቻትጂፒቲ ማስገባታቸውን ካወቀ በኋላ እነዚህን መሣሪያዎች መጠቀምን ከልክሏል። ለአባላቱ መረጃ በአደራ ጠባቂነት የሚጠየቅ ማኅበር ጉዳት እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፤ ክልከላው ዋናው ሰነድ እስኪያልቅ ሳይቆይ ዛሬውኑ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ሊወጣ ይችላል።

ሰነዱን የሚያዘጋጀው ከውጭ የተቀጠረ አማካሪ ብቻ ከሆነ የሚረሱ ነገሮች አሉ። መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ አገልግሎቱ በእጅ እንዴት እንደሚቀጥል፣ ሥርዓቱን የሚከታተለው ሠራተኛ ሥራ ቢለቅ ማን እንደሚተካው፣ ዓመታዊ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ከሆነ ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝ የሚያውቁት በመስኮቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጠው የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ስብሰባ አንስቶ መገኘት ያለባቸውም እነርሱ ናቸው። የተመረጠው ሙከራ በምን ውጤት እንደሚቀጥልና በምን ውጤት እንደሚቋረጥ፣ የማቋረጡንም ትእዛዝ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በሰነዱ ላይ በኃላፊነት ስም ይጻፍ። ከዚያም ረቂቁ አባላት በሚረዱት ቋንቋ በጥቂት ገጾች ተዘጋጅቶ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቅረብ፤ ሥራ ላይ የሚውለው የእነርሱ መረጃና የእነርሱ ቁጠባ ስለሆነ፣ ጠይቀውበትና ተከራክረውበት የማጽደቅም ሆነ የመጣል ሥልጣኑ የእነርሱ ነው።