ማገጥ ምንድን ነው? (ሬድ ክሎቨር አይደለም!)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ "ማገጥ ማለት ፈረንጆቹ ሬድ ክሎቨር የሚሉት ነው፣ አፍልታችሁ ጠጡት ደም ያጠራል" ብሎ ፖስት አርጎ ስንቱ ሼር አደረገው። ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ፣ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማገጥ በክረምት ደጋ ሜዳ ላይ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነው የከብት መኖ ነው፣ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። ግን ስሙ የአንድ ተክል አይደለም፣ ትሪፎልየም የሚባለው ወገን ነው፣ እኛ ሀገር ብቻ ከ20 በላይ ዓይነት አለ፣ ሌላ ቦታ የማይበቅልም አለበት። ትሪፎልየምን እንደ አባት ስም ቁጠሩት። የከበደ ልጆች ሁሉ "ከበደ" ይባላሉ፣ አንዱ ሀኪም ስለሆነ ግን ወንድሙ ጋ ሄደህ አትታከምም። ሬድ ክሎቨር የአውሮፓው ወንድም ነው፣ እዛ በባህል ለሳልና ለቆዳ ይጠጡታል፣ አሁን ደግሞ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚመስል አይሶፍላቮን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው የወር አበባ ሲቆም ለሚመጣው ሙቀት በክኒን ይሸጣል። የጥናቶቹ ውጤት ራሱ እርስ በርሱ አይስማማም፣ ደግሞም የተሞከረው እሱ ነው እንጂ የኛ ማገጥ አይደለም!

"ቅጠሉ ሦስት ከሆነ ያው ነው" ያልከኝ ወንድሜ፣ የአብሽም የቦሎቄም ቅጠል እኮ ሦስት ሦስት ነው።

"ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት) የመጣው ከዚህ ነው" የሚለውማ ይብሳል። ያ ስዊት ክሎቨር ነው፣ ሜሊሎተስ፣ በአባት ሳይሆን በአያት ስም የሚገናኝ ዘመድ። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰሜን አሜሪካ ከብቶች እየደሙ ያለቁት ድርቆሹ ሻግቶ ስለነበር ነው፣ ሻጋታው ተክሉ ውስጥ ያለውን ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ዳይኩማሮል ይቀይረዋል፣ እሱ ነው ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬን ስራ የሚያግደው፣ የአሜሪካው ዊስከንሲን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የካርል ሊንክ ላብራቶሪ ከዚህ ተነስቶ ነው በኋላ ዋርፋሪን ላይ የደረሰው። ደም እንዳይረጋ ማድረግና "ደም ማጥራት" ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም።

እግረ መንገዴን፣ የመኖ ሰው ነኝና ልናገር፦ የራበው ከብት ጤዛ ያለበት ማገጥ ላይ አትልቀቁ፣ ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ መጀመሪያ ጭድ ይብላ። ድርቆሽም በደንብ ሳይደርቅ አትከምሩ።

ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ የጡት ካንሰር የነበረባችሁ ደግሞ ሬድ ክሎቨርን በሻይም በክኒንም ሀኪማችሁን ሳትጠይቁ እንዳትነኩት። ፖስት ያረግከው ሰው፣ ያፈላኸውን ተክል አበባውንም ፍሬውንም ቅጠሉንም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ አብረን እንለየው።