በሙዚቃዊ ቲያትር “ባለ ሦስት ሙያ” ሚና ምንድን ነው?

“ተጫወተ” የሚለው ግሳችን ሰፊ ነው። ክራር ይጫወቱታል፣ ዘፈን ይጫወቱታል፣ ድራማም ይጫወቱታል። ሁለት ሰዎች ቡና ላይ ተቀምጠው ካወሩም ተጫወቱ እንላለን። ባለ ሦስት ሙያ ሚና የምንለው ይህን ሁሉ ጨዋታ በአንድ ሰው ላይ የሚጥለውን ነው። ተዋናዩ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ሆኖ ይዘፍናል፣ ይወዛወዛል፣ ይተውናል። እንዲህ ያለውን ተዋናይ አሜሪካኖች “ትሪፕል ትሬት” ይሉታል። ቃሉን የወሰዱት ከራሳቸው እግር ኳስ ሲሆን፣ በዚያ ጨዋታ መሮጥም፣ ኳስ በእጅ መወርወርም፣ በእግር መምታትም የሚችል ተጫዋች ማለት ነው።

ሦስቱ ለምን አንድ ላይ መጡ ለሚለው ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ሠርግ ቤት ጨዋታው ሲደራ አንዱ ሞቅ ይለውና ቀረርቶ ያወርዳል። ቀረርቶው አልበቃው ሲል “ዘራፍ!” ብሎ ከመቀመጫው ይነሣል፣ ዱላውን እየነቀነቀ ወዲያ ወዲህ ይላል። ወሬ ያልቻለውን ዜማ ተሸከመው፤ ዜማ ያልቻለውን ደግሞ አካል ተቀበለው። ሙዚቃዊ ቲያትርም የሚጻፈው በዚሁ መንገድ ነው። ገጸ ባሕርይዋ የምትዘፍነው ንግግር ሲያንሳት፣ የምትወዛወዘውም ዘፈን ሲያንሳት ነው። ስለዚህ ዘፈኑ ሲጀመር ታሪኩ ቆሞ አይጠብቅም።

ልዩነቱ ግን አለ፣ እሱም ትልቅ ነው። ፎካሪው የሚፎክረው በራሱ ስም፣ ስለ ራሱና ስለ አባቱ ነው። አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ ሲያወድስና ሲወርፍ ያው አዝማሪው ራሱ ነው። ባለ ሦስት ሙያ ሚና ላይ ያለች ተዋናይት ግን ሌላ ሰው ሆና ትዘፍናለች፣ ሌላ ሰው ሆና ትከሻዋን ትሰብቃለች። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ፣ ክራርም ድምፅም ትወናም የያዙ ታላላቅ ባለሙያዎች በመድረካችን ነበሩን። ሆኖም ሰው ሦስቱን ሙያ መቻሉ አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሚና ሦስቱንም በአንዴ መጠየቁ ሌላ።

አሜሪካ ውስጥም ይህ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 በኒው ዮርኩ የቲያትር ሠፈር በብሮድዌይ ላይ በቀረበው “ኦክላሆማ!” በተባለ ሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሎሪ የምታልመው ሕልም በረጅም ውዝዋዜ ይታያል። ነገር ግን ሎሪን የምትዘፍነውና የምትተውነው ሌላ፣ በሕልሙ የምትወዛወዘው ሌላ ነበረች። አንዷ ትወጣለች፣ አንዷ ትተካለች። ተመልካቹ ሁለቱን እንደ አንዲት ሴት አድርጎ ይቀበላል።

እ.ኤ.አ. በ1957 “ዌስት ሳይድ ስቶሪ” የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ሲመጣ መተካቱ ቀረ። በዚህ ሥራ ውስጥ አኒታን መጀመሪያ የተጫወተችው ቺታ ሪቬራ ናት፤ ሚናውን ላስተዋለው ሰው ሌላ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልገውም። አኒታ መጀመሪያ ላይ ስለ አሜሪካ ኑሮ እየቀለደች፣ እየዘፈነችና እየተወዛወዘች እናያታለን፤ ቀልዱም፣ ኩራቱም፣ የአገር ናፍቆት ክርክሩም በእግሯ ውስጥ አለ። በኋላ ፍቅረኛዋ በሁለት የወጣቶች ቡድኖች ጠብ ይገደላል። ከገዳዩ ጋር በፍቅር ከወደቀችው ከማሪያ ጋር ተያይዘው በዜማ ይሟገታሉ። ሐዘኗን ውጣ የማሪያን መልእክት ልታደርስ ስትሄድ የገዳዩ ወገን የሆነው ቡድን ያዋክባታል፣ ይጥላታል፤ በቁጣ ማሪያ ሞታለች ብላ ትዋሻለች፣ ታሪኩም በዚያ ውሸት ላይ ይገለበጣል። ድምፅ ብቻ ያላት ተዋናይት የመጀመሪያውን ክፍል አትወጣውም። ተወዛዋዥ ብቻ የሆነች ደግሞ ያ ውሸት ከአፏ ሲወጣ አታሳምንም። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም ዜማ አይረዳትም።

መሪ ሚና ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። “ዊክድ” በተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ የኤልፋባ ሚና እጅግ ከባድ ድምፅ ይፈልጋል፣ ውዝዋዜው ግን ጥቂት ነው። በተቃራኒው “ኤ ኮረስ ላይን” በተባለው ውስጥ ካሲ ሥራ ፈላጊ ተወዛዋዥ ናትና የልቧን የምትናገረው በዋናነት ብቻዋን በምትወዛወዘው ረጅም ክፍል ነው።

እውነተኛው ፈተና ትንፋሽ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ቲያትር ስንለማመድ በደንብ የገባኝ ይህ ነው። አንዲት ልጅ የጎጃምን እስክስታ እንደ ውኃ ታወርደዋለች፣ ድምፅዋም ያምራል። ሁለቱን አገናኝተን ወዲያው “እናቴ፣ አልሄድም” የሚል አጭር ቃለ ተውኔት እንድትናገር ስናደርግ ግን ቃሉ በማለክለክ ተበላ። እስክስታ ትከሻንና ደረትን ያናውጣል፤ የደከመ ሰው ደግሞ በላይኛው ደረቱ መተንፈስ ይቀናዋል። ደረት በሁለት ሥራ ሲጠመድ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ትንፋሹን ወደ ሆድና ወደ ጎን አጥንት ዝቅ ማድረግ፣ ዘፈኑንም ሶምሶማ እየሮጡ መለማመድ ነው። ጥሩ የመድረክ አዘጋጅም ያግዛል፦ ዜማው ሲረዝም እግሩን ያቀልላል፣ ውዝዋዜው ሲጠነክር ድምፁን ለሌሎች ይሰጣል ወይም ሙዚቃው ብቻውን እንዲሄድ ይተወዋል። ብሮድዌይ ላይ አንድ ሥራ በሳምንት 8 ጊዜ ስለሚቀርብ፣ ያለዚህ ጥንቃቄ ጉሮሮም ጉልበትም አይዘልቅም።

ልጅቷን ከዚያ በኋላ እስክስታውን በግማሽ ጉልበት አስጀመርናት። ትከሻዋ ሲቆም አፍ ሳትከፍት በአፍንጫዋ አንዴ እንድትተነፍስ፣ በዚያች ቅጽበትም እናቷን እንድታያት ነገርናት። ያቺ ዝምታ የድካም ሳይሆን የገጸ ባሕርይዋ ማመንታት ሆና ታየች። “እናቴ” ያለችው ቀስ ብላ ነው፤ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጥነውም ሰማናት።