ድንኳን ሠሪ የሌሊት ወፍ ምንድን ነው?

የሌሊት ወፍ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን በዋሻ ወይም በዛፍ ጎሬ ተዘቅዝቆ የሚውል እንስሳ ነው። ድንኳን ሠሪ የሚባሉት ግን ቀን የሚያርፉበትን መጠለያ ራሳቸው ከቅጠል ያበጃሉ። ከ1,400 ከሚበልጡት የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ይህን የሚያውቁበት 20 ያህሉ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ደኖች ሲሆን ጥቂቶቹ ደግሞ እስያ ውስጥ ይገኛሉ።

መሣሪያቸው ጥርሳቸው ነው። ቅጠሉን አይሰፉም፣ አያጣብቁም፣ ከተክሉም አይቀነጥሱትም። ከሆንዱራስ እስከ ምዕራብ ፓናማ የሚኖረው የሆንዱራስ ነጭ የሌሊት ወፍ ሄሊኮኒያ የሚባለውን ሙዝ መሰል ተክል ሰፊ ቅጠል ይመርጥና ከመሀለኛው አጥንት ግራና ቀኝ የሚወጡትን ጅማቶች በተርታ እየነከሰ ያላላቸዋል። ድጋፍ ያጡት ሁለቱ ጎኖች ቁልቁል ይታጠፉና እንደ ጎጆ ክዳን ዝናብና ፀሐይ ይከላከላሉ።

እኔን እጅግ የሚደንቀኝ የንክሻው ልክ ነው። ጅማቶቹ በቂ ካልተነከሱ ቅጠሉ አይታጠፍም። መሀለኛው አጥንት ከተበጠሰ ደግሞ ውሃ ይቋረጥበትና ይደርቃል። ክብደቱ 6 ግራም እንኳ የማይሞላው ይህ ፍጡር ሁለቱንም ጠብቆ ስለሚሠራ ድንኳኑ ለሳምንታት አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። በቅጠሉ አልፎ የሚመጣው ብርሃን ነጩን ፀጉር ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላው፣ ተጠጋግተው የተኙትን ከታች ሆኖ ለይቶ ማየት ይከብዳል።

አሠራሩ ከዝርያ ዝርያ፣ ከተክል ተክል ይለያያል። ቶማስ ባርበር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1932 ከፓናማ የዘገበው ዝርያ ድንኳኑን የሚያበጀው ከዘንባባ ቅጠል ነው። በሕንድ የሚገኝ አንድ ፍሬ በል ዝርያ ላይ ደግሞ ሠሪው ወንዱ ነው፤ ሴቶቹ መጥተው አብረውት ይኖራሉ።

ጠላት ግንዱን ይዞ ሲወጣ ቅጠሉ ስለሚንቀጠቀጥ የሌሊት ወፎቹ ነቅተው ያመልጣሉ። ይህ ግን ሁልጊዜ አያድናቸውም። በኮስታ ሪካ አንዳንድ ጦጣዎች የታጠፈ ቅጠል ሲያዩ ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃሉ፤ እየፈለጉም ይይዟቸዋል።

ደኑም ከድንኳኑ ይጠቀማል። በመካከለኛው አሜሪካ ፍሬ በል የሆኑት ድንኳን ሠሪዎች ፍሬውን ከዛፉ ቀጥፈው ወደ ማረፊያቸው ወስደው ስለሚበሉ፣ ዘሩ ከእናት ዛፉ ርቆ ከድንኳኑ ሥር ይወድቃል፤ ከወደቀውም የሚበቅል አለ።