በቤት የሚሠራ የጌም ኮንሶል እና የባትሪ መጠን ማሳያው

በቤት የሚሠራ የጌም ኮንሶል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ፣ ስክሪን፣ ቁልፎች፣ ስፒከርና ባትሪ በአንድ ሳጥን ገብተው የሚሠራ በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ነው። ቦርዱ ብዙ ጊዜ ራስበሪ ፓይ ዜሮ ወይም ኢኤስፒ32 ይሆናል። ሥራው ሲያልቅ ጌሙ ይከፈታል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ቁልፎቹ ይታዘዛሉ። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ኮንሶሉ በጨዋታ መሃል ድርግም ይላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ዓይነት ሥራ ይመቻሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስናም ያስተምራል። ደሴ ላይ ደግሞ ሞባይልና ላፕቶፕ የሚጠግኑ ሱቆች አሉ። ከተጣለ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ 18650 የሚባሉት ክብ የሊቲየም ሴሎች፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች፣ ይወጣሉ። ስማቸው ልካቸው ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ሁሉም ግን አይሞቱም። አንዱ ሴል ባትሪውን በሙሉ ገድሎት የቀሩት ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። በቴስተር ሲለካ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ግን መጣል አለበት። ያበጠ ወይም የፈሰሰውም እንዲሁ። በዚህ ላይ ብር ለመቆጠብ ማሰብ አያዋጣም፤ ሊቲየም ሲቃጠል በቀላሉ አይጠፋም።

አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ባዶ ሲሆን ወደ 3 ቮልት ይወርዳል። ማሳያ ማለት ይህን ቮልት ለክቶ ለተጫዋቹ የሚነግር ነገር ነው። ችግሩ ራስበሪ ፓይ ዜሮ ቮልት መለካት አለመቻሉ ነው። ሽቦ የሚታሰርባቸው እግሮቹ (ፒኖቹ) የሚያውቁት ኃይል አለ ወይም የለም ብቻ ነው። ከ3.3 ቮልት በላይ ከገባባቸውም ሊቃጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ መሃል ላይ መለኪያ ቺፕ ይገባል። በርካሹ የሚገኘው ኤምሲፒ3008 ነው። ኢኤስፒ32 እና አርዱዊኖ የሚባለው ቦርድ ግን መለኪያው በውስጣቸው አለ።

የሴሉ 4.2 ቮልት በቀጥታ ለመለኪያው አይሰጥም። መጀመሪያ በሁለት እኩል ሪዚስተሮች (ከረንትን የሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች) ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም 100 ኪሎ ኦም ቢሆኑ መሃላቸው ላይ 2.1 ቮልት ይገኛል። የሚባክነው ኃይል በጣም ትንሽ ነው፤ 21 ማይክሮ አምፔር ያህል። ከታችኛው ሪዚስተር ጎን 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢታሰር ንባቡ ይረጋጋል። ኤምሲፒ3008 ቮልቱን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ይናገራል፤ በ3.3 ቮልት ሲሠራ ሙሉ ሴልን 651 አካባቢ ያነባል፣ ባዶ ሴልን 465 አካባቢ። ፕሮግራሙ የሚሠራው በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ፐርሰንት ያወጣል። ሊቲየም ግን ቀጥ ብሎ አይወርድም። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይወርዳል፣ 3.7 ቮልት አካባቢ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ከዚያ ከ3.5 በታች ገደል ይገባል። በቀጥታው ስሌት 3.6 ቮልት ማለት 50 ፐርሰንት ነው። አርፎ የቆየ ሴል 3.6 ካሳየ ግን የቀረው ጥቂት ነው። ተጫዋቹ ግማሽ አለኝ ብሎ ሲዝናና ኮንሶሉ ይዘጋል።

መፍትሔው የራስን ሰንጠረዥ መሥራት ነው። ሴሉ ሙሉ ቻርጅ ይደረጋል፤ ጌም ተከፍቶ ይተዋል፤ ፕሮግራሙ በየደቂቃው ቮልቱን ፋይል ላይ ይጽፋል። ሲያልቅ፣ ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹ ላይ የነበረው ቮልት 50 ፐርሰንት ተብሎ ይያዛል፣ ሩቡ ሲቀር የነበረው 25። ይህ ለዚያ ሴልና ለዚያ ስክሪን ብቻ የሚሠራ ሰንጠረዥ ነው። ከሌላ ሰው ከተቀዳ ግን አይታመንም።

ሌላው ጉዳይ ጭነት ነው፤ ኮንሶሉ ከሴሉ የሚስበው ከረንት ማለት ነው። ሴሉ 0.1 ኦም የውስጥ ተቃውሞ ቢኖረውና ኮንሶሉ 1 አምፔር ቢስብ ቮልቱ በ0.1 ይወድቃል። ያረጀ ሴል ደግሞ ተቃውሞው ይበዛል። ስክሪኑ ሲደምቅና ድምፁ ሲጨምር ፐርሰንቱ ይወርዳል፣ ሲቀንስ ተመልሶ ይወጣል። ብርድም ተቃውሞውን ይጨምራል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐረጎን ተራራ ወርዶ፣ በጣም ዝቅ ብላ ትገኛለች። ጠዋት ደሴ ላይ የተከፈተ ኮንሶል ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ከሚያሳየው ያነሰ ሊያሳይ ይችላል፣ ቻርጁ እኩል ሆኖም። በዚህ ምክንያት ብዙ ንባብ ወስዶ አማካዩን ማሳየት ይሻላል። ቻርጀር ካልተሰካ ቁጥሩ ወደ ላይ እንዳይመለስም ፕሮግራሙ ላይ መከልከል ነው። በእኔ እምነት አራት እርከን ያለው ሥዕል ከፐርሰንት ይበልጣል። 63 ፐርሰንት ብሎ መዋሸት ምን ይጠቅማል?

ቻርጀር ላይ እያለ ቮልቱ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ስለሚል ንባቡ ትርጉም የለውም። ቲፒ4056 በሚባለው የተለመደ የቻርጅ ቦርድ ላይ መብራት አለ፤ እሱን የሚያበራውን እግር አንብቦ የመብረቅ ምልክት ማሳየት ይበቃል።

ከቮልት የተሻለ መንገድም አለ። ማክስ17043 የሴሉን ጠባይ በራሱ አስልቶ ፐርሰንት የሚያወጣ ቺፕ ነው። አይኤንኤ219 ደግሞ የወጣውን ከረንት ይለካል፤ ፕሮግራሙ እየደመረ ከሙሉው ይቀንሰዋል። ለዚህኛው የሴሉ እውነተኛ አቅም መታወቅ አለበት። ላዩ ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት 18650 ሐሰት ነው፤ ጥሩ የሚባለው እንኳ ከ3500 ብዙም አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ማሳያው አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነበረች። ባትሪው ሲደክም ትፈዝዛለች፤ ተጫዋቹ ገብቶት ባትሪ ይቀይራል። ዛሬም አንድ መብራት ብቻ መግጠም የሚያሳፍር አይደለም። ራስበሪ ፓይ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል። ሚሞሪ ካርድ ላይ እየጻፈ ኃይል ከተቋረጠበት ፋይሉ ሊበላሽና ኮንሶሉ ሁለተኛ ላይነሳ ይችላል። ከሴሉ ጋር የሚታሰረው የመከላከያ ቦርድ ሴሉን ለማዳን 2.4 ወይም 2.5 ቮልት ላይ ይቆርጣል፣ ያለ ማስጠንቀቂያ። ስለዚህ ፕሮግራሙ 3.4 ላይ ያስጠንቅቅ፣ 3.2 ላይ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ኮንሶሉን በሥርዓት ይዝጋ። መብራት ሄዶ ቻርጅ ማድረግ በማይቻልበት ምሽት እንኳ ኮንሶሉ ያለ ማስጠንቀቂያ አይዘጋም።