ባለ አምስት አክሲስ ሲኤንሲ፦ ዕቃውን አንዴ አስሮ መጨረስ

ባለ አምስት አክሲስ ሲኤንሲ ማሽን መቁረጫውንና ዕቃውን በሦስት ቀጥታ እና በሁለት ተሽከርካሪ አቅጣጫ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚያንቀሳቅስ ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ነው። ቀጥታዎቹ ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ ይባላሉ። በኤክስ ዙሪያ መዞር ኤ፣ በዋይ ዙሪያ መዞር ቢ፣ በዜድ ዙሪያ መዞር ደግሞ ሲ ነው። አንድ ማሽን ከነዚህ ሦስት ተሽከርካሪዎች ሁለቱን ይይዛል፤ መቁረጫውን በፈለጉት አቅጣጫ ለማዘንበል ሁለት ይበቃሉና።

ማሽኑ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለሚያወጣው የተጠማዘዘ ቅርጽ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። በተራ ፍሬዛ ስድስት ፊት ያለው ዕቃ ሲሠራ ሞርሳው (ማሰሪያው) ይፈታል፣ ዕቃው ይገለበጣል፣ እንደገና ይታሰራል፣ በኢንዲኬተር (በመለኪያ ሰዓት) ዜሮው፣ ማለትም የልኬቱ መነሻ፣ ይፈለጋል። በእያንዳንዱ መገልበጥ 0.02 ወይም 0.03 ሚሊ ሜትር ስሕተት መግባቱ የተለመደ ነው። ሁለት ቀዳዳዎች በተለያየ ፊት ላይ ሆነው እርስ በርሳቸው በ0.02 እንዲገጥሙ ከተፈለገ ከሦስት መገልበጥ በኋላ ተስፋ የለም። አምስቱ አክሲስ ዕቃውን አንዴ አስሮ አምስቱን ፊት ለመቁረጥ ያስችላል። ስድስተኛውን፣ ማለትም የታሰረበትን ፊት፣ በሁለተኛ አያያዝ መጨረስ ይቻላል።

አያያዙ ራሱ የተለየ ሙያ ነው። መቁረጫው ከጎንም ስለሚመጣ ተራ ሞርሳ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ከጥሬ ብረቱ ግርጌ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ፣ ከፍታው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥርስ ቀድሞ ይቆረጥና ጠባብ መያዣ በዚያ ብቻ ይነክሰዋል። 3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ጥርሱ በትክክል ከተቆረጠ ግን መያዣው ዕቃውን ወደ ታች እየሳበ ስለሚይዘው ከባድ ቆረጣ ይችላል። መያዣው ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ጠረጴዛው ሲያዘነብል ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ዋና ዘንግ) ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ይጋጫል።

የማሽኖቹ አሠራር ሦስት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ሁለቱም መዞሪያዎች ከጠረጴዛው ሥር ናቸው፤ ዕቃው ይዞራል፣ ያዘነብላል፣ ስፒንድሉ ግን ቀጥ ብሎ ይቆያል። ለትንንሽና መካከለኛ ዕቃ ይህ ተመራጭ ነው። በሁለተኛው አንዱ መዞሪያ በስፒንድሉ ራስ፣ ሌላው በጠረጴዛው ላይ ነው። በሦስተኛው ሁለቱም በስፒንድሉ ራስ ላይ ናቸው። ይህኛው ብዙ ሜትር ርዝመት ላለው የአውሮፕላን ክንፍ አካል ነው፤ እንዲያ ያለውን ዕቃ ማን ያዘነብለዋል?

ሦስት ሲደመር ሁለት

በባለሙያዎች ዘንድ «ሦስት ሲደመር ሁለት» የሚባለው አሠራር ሁለቱን መዞሪያዎች በሚፈለገው ማዕዘን አቁሞ፣ በፍሬን ቆልፎ፣ በቀሪዎቹ ሦስት አክሲሶች መቁረጥ ነው። ሌላው አሠራር አምስቱንም በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ነው። የኋለኛው ለዓይን ያምራል፣ የማሽን ሻጮች ማሳያም ሁልጊዜ እሱ ነው። አብዛኛው ሥራ ግን በመጀመሪያው ማለቅ አለበት፤ ምክንያቱም የተቆለፈ መዞሪያ ካልተቆለፈው በጣም የጸና ነው። በሻካራ ቆረጣ ጊዜ መዞሪያው በሞተሩ ጉልበት ብቻ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ፊቱን ያበላሻል፣ የካርባይዱን (የጠንካራውን መቁረጫ) ጠርዝ ይሰብራል። አምስቱን በአንድነት ማንቀሳቀስ የግድ የሚሆነው ለተርባይን ምላስ፣ ለኢምፔለር (አየር ወይም ፈሳሽ ለሚገፋ ባለ ምላስ ጎማ)፣ ለመርከብ ፕሮፔለር እና ለጥልቅ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ነው።

ጥልቅ ሞልድ እዚህ የገባው በመቁረጫው ርዝመት ምክንያት ነው። ከመያዣው የወጣው የመቁረጫ ርዝመት እጥፍ ሲሆን በአንድ ዓይነት ግፊት የሚታጠፈው መጠን ስምንት እጥፍ ይሆናል። መቁረጫውን አዘንብሎ አጭር አድርጎ መያዝ ከተቻለ ግን ያ መታጠፍ አብሮ ይቀንሳል።

ማዘንበል ለድቡልቡል ጫፍ መቁረጫም ይረዳል። 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ድቡልቡል መቁረጫ ቀጥ ብሎ ቆሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሲቆርጥ ብረቱን የሚነካው በ2.8 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ብቻ ነው። በደቂቃ 10,000 ዙር ቢሽከረከር እንኳ የመቁረጥ ፍጥነቱ በደቂቃ 88 ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ጫፉ ላይ ደግሞ ዜሮ ነው። ጫፉ አይቆርጥም፣ ይፈጫል። 15 ዲግሪ ሲያዘነብል የሚነካው ዲያሜትር ወደ 5.2 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱም ወደ 163 ሜትር ከፍ ይላል። ፊቱ ላይ የሚቀረው ጭረት የሚወሰነው ደግሞ በሁለት መስመሮች መካከል ባለው ርቀት ነው፦ በዚሁ መቁረጫ በ0.3 ሚሊ ሜትር እየተራመዱ ሲቆርጡ የሚቀረው ጉብታ 0.002 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጎኑ በ250 ሚሊ ሜትር ራዲየስ የተቀረጸ በርሜል መሰል መቁረጫ በዝርግ ፊት ላይ ይህንኑ ጉብታ በ2.1 ሚሊ ሜትር እርምጃ ያስገኛል። ሥራው ሰባት እጥፍ ይፈጥናል፤ ግን ማዕዘኑ በትክክል ካልተያዘ ጎኑ ዕቃውን ይበላዋል።

ስሕተቱ ከየት ይመጣል

የመገልበጥ ስሕተት ሲጠፋ ሌላ ስሕተት ቦታውን ይይዛል፤ እሱም የመዞሪያው ማዕከል ነው። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው የሚዞርበትን ነጥብ ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። እውነተኛው ማዕከል እሱ ከሚያውቀው 0.02 ሚሊ ሜትር ከራቀ በ0 ዲግሪ እና በ180 ዲግሪ የተቆረጡ ሁለት ፊቶች በ0.04 ይሳሳታሉ። ማሽኑ ሲሞቅ ማዕከሉ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የብረት ኳስ ተተክሎ፣ በስፒንድሉ ላይ ባለ ፕሮብ (በመንካት የሚለካ መሣሪያ) በተለያየ ማዕዘን እየተለካ ማዕከሉ እንደገና ይታረማል። ለጥብቅ ሥራ ይህ ማሽኑ ከሞቀ በኋላ፣ ከመጨረሻው ቆረጣ በፊት መደረግ አለበት። ጠዋት በቀዝቃዛ ማሽን አርሞ ከሰዓት መቁረጥ ብዙም አይጠቅም።

የማዕዘን ስሕተትም እንዲሁ በርቀት ይባዛል። 0.01 ዲግሪ ከማዕከሉ 200 ሚሊ ሜትር ርቆ 0.035 ሚሊ ሜትር ነው። ዕቃውን ወደ ማዕከሉ አስጠግቶ ማሰር ነጻ ትክክለኛነት ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የመቁረጫው ርዝመት ነው። በሦስት አክሲስ ርዝመቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ተሳስቶ ቢገባ ስሕተቱ በከፍታ ብቻ ይታያል። መቁረጫው 30 ዲግሪ ሲያዘነብል ግን ከዚያው ስሕተት 0.05 ወደ ጎን ይሄዳል፤ ባለሙያው ምክንያቱን በዲያሜትሩ ሲፈልግ ይውላል። ከዚህ የከፋው የካም ፕሮግራሙ (የመቁረጫውን መንገድ የሚያሰላው ሶፍትዌር) የድቡልቡሉን ማዕከል ሲያወጣ ማሽኑ ጫፉን ሲጠብቅ ነው፤ በ10 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዕቃውም አለቀለት።

መቆጣጠሪያው ጠረጴዛው ሲዞር የመቁረጫው ጫፍ ዕቃው ላይ ካለበት ነጥብ እንዳይለቅ ቀጥታዎቹን አክሲሶች አብሮ ያንቀሳቅሳል። ይህን ሥራ ለማስጀመር ከመቆጣጠሪያ አምራቾቹ ፋኑክ ጂ 43.4፣ ሲመንስ ትራኦሪ፣ ሃይደንሃይን ኤም 128 የሚል ትእዛዝ አላቸው። ትእዛዙ ከተረሳ ማሽኑ ምንም ሳያስጠነቅቅ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ የካሙን ሥራ ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚለውጠው ፖስት ፕሮሰሰር ለዚያው ማሽን የተሠራ መሆን አለበት፤ ከሌላ ማሽን የተወሰደ ፖስት ለግጭት ጥሩ መንገድ ነው። ማሽኑን ከነመያዣው፣ ከነሞርሳው በሲሙሌሽን ሳያዩ ማስነሳት ቁማር ነው፤ ስፒንድል ከተመታ ኩሽኔታው ይበላሻል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ተዘንባዩ ጠረጴዛ ዜሮ ላይ ሲደርስ መቁረጫው ከሲ አክሲስ ጋር ትይዩ ይሆናል። በዚያች ቦታ አቅጣጫን በጥቂቱ ለመቀየር ሲ አክሲስ 180 ዲግሪ ሊገለበጥ ይችላል፤ መቁረጫው ቆሞ ይሽከረከራል፣ ፊቱም ላይ ክብ ምልክት ይቀራል። መድኃኒቱ ዕቃውን በመያዣው ላይ ጥቂት ዲግሪ አዘንብሎ ማሰር ወይም መንገዱ በዚያ ነጥብ እንዳያልፍ በካም ማስተካከል ነው።

አንድ ኢምፔለር ሲሠራ

የቱርቦ ቻርጀር ኮምፕረሰር ጎማ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከጥሬ ብሎክ ሲሠራ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ 2618 የተባለው፣ ሙቀት የሚችል አሉሚኒየም ነው። መጀመሪያ ቶርኖ (ዕቃውን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ የውጭ ቅርጹ፣ ግርጌውና መሐል ቀዳዳው ይጨረሳሉ፤ ዕቃው ፍሬዛው ላይ የሚታሰረው በዚያ ቀዳዳ ስለሆነ እዚያ ላይ ያለ ስሕተት ሁሉ ወደ ምላሶቹ ይሸጋገራል። ቀጥሎ በምላሶቹ መካከል ያለው ብረት በተቻለ መጠን በሦስት ሲደመር ሁለት ይወጣል፤ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ለመጨረሻው ይቀመጣል። ከዚያ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ኮን መሰል ድቡልቡል መቁረጫ ይገባል። ጫፉ ቀጭን ሆኖ ጠባቡን ሥር ይደርሳል፣ ግንዱ ወፍራም ሆኖ አይታጠፍም።

ምላሱን ከላይ እስከ ታች በሻካራ ቆርጦ ከዚያ ለማለስለስ መመለስ የጀማሪ ስሕተት ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ምላስ ብቻውን ከቆመ በኋላ እንደ ደወል ይጮኻል። ከላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር አውርዶ ያንኑ ክፍል ጨርሶ ወደ ታች መውረድ ይሻላል፤ ገና ያልተቆረጠው ብረት ከሥር ይደግፈዋል። የአየር መግቢያው ጠርዝ ላይ መቁረጫው ዞሮ ማለፍ ስላለበት መዞሪያዎቹ ይጣደፋሉ፣ የጫፉ ፍጥነት ይወርዳል፣ ምልክት ይቀራል፤ እዚያ ቦታ ፕሮግራመሩ ማዕዘኑ በዝግታ እንዲለወጥ ቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። በመጨረሻ ጎማው በባላንስ ማሽን ይፈተሻል።

ዕቃው ቲታኒየም ቢሆን በአሉሚኒየም በደቂቃ ብዙ መቶ ሜትር የነበረው ፍጥነት ለካርባይድ ወደ 50 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ቲታኒየም ሙቀቱን በፍቅፋቂው አያስወጣም፣ መቁረጫው ላይ ይተወዋል፤ ማቀዝቀዣ ፈሳሹም በ70 ባር ያህል ግፊት ጠርዙ ላይ መድረስ አለበት።

ልኬት የሚወሰደው ዕቃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ዓለም አቀፉ መነሻ ይህ ነው። 300 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም በ5 ዲግሪ ልዩነት 0.035 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በማሽኑ በራሱ ፕሮብ ብቻ ማረጋገጥ አይበቃም፦ ማሽኑ በራሱ የተጣመመ ሚዛን የራሱን ሥራ ይመዝናል።

ከየት መጣ፣ ለምን ይጠበቃል

በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን የተወለደው ከሄሊኮፕተር ምላስ ነው። የሚሺጋኑ ጆን ፓርሰንስ ሐሳቡን አመጣ፤ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ ሙከራ በ1952 እ.ኤ.አ. በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ባለ ሦስት አክሲስ ፍሬዛ አሳየ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓኑ ቶሺባ ማሽን እና የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ለሶቪየት ኅብረት ባለ ብዙ አክሲስ የፕሮፔለር መቁረጫ ማሽንና መቆጣጠሪያ መሸጣቸው ታወቀ፤ ማሽኖቹ ድምፅ የማያሰሙ የባሕር ሰርጓጅ ፕሮፔለሮችን ለመሥራት ይጠቅማሉ ተብሎ ትልቅ ጠብ ተነሳ። አምስት አክሲስን በአንድነት የሚያንቀሳቅስ ማሽን ዛሬም ለኤክስፖርት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ብዙ የጃፓን ማሽኖች ከተተከሉበት ሲነቀሉ ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው፤ የሚከፍታቸው አምራቹ ብቻ ነው። ያገለገለ ማሽን ወደ አዲስ አበባ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ይህን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።

የኤሌክትሪኩንም አብሮ ይይ። የጃፓን ማሽኖች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በ200 ቮልት ሦስት ፌዝ ስለሆነ የእኛ 380 ቮልት ትራንስፎርመር ይፈልጋል። መብራት መሐል ቆረጣ ላይ ከጠፋ መቁረጫው ዕቃው ውስጥ አዘንብሎ ይቆማል። መብራቱ ሲመለስ ዜድን ወደ ላይ መሳብ ልማድ ነው፤ ያዘነበለን መቁረጫ ግን ቀጥ አድርጎ ማውጣት ዕቃውንም መቁረጫውንም ይሰብራል። የሚወጣው በራሱ ዘንበል አቅጣጫ፣ በእጅ፣ በዝግታ ነው።