ጆሮዎ ጭው ሲል ጥጥ አይወትፉ

በጎንደር ከተማ በጆሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጆሮው ጭው የሚልበት፣ የሚጮኽበት ወይም የሚያፏጭበት ሰው ወደ ክፍላችን ሲገባ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጆሮዎቹ በጥጥ ተወትፈዋል። ጥጡን በመቆንጠጫ እያወጣሁ ያንኑ ነገር ደጋግሜ ማስረዳት አንገሽግሾኛል። ከተማችን ጸጥ ያለች አይደለችም፤ የባጃጅ ጥሩምባ አለ፣ የብረት በር ሠሪው መቁረጫ አለ፣ ጥር ሲገባ ደግሞ የሠርጉ ድምፅ ማጉያ ይጨመራል። ጆሮው የሚጮኽበት ሰው መኖር ያለበት በዚህ ሁሉ መካከል ነውና የተሳሳተ ምክር ብዙ ያስከፍለዋል።

ስለ ጆሮ ጩኸት ሰዎች በስሕተት ከሚሉት ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ሰው እያማኝ ነው።» የለም። ድምፁ የሚፈጠረው በራስዎ የመስማት ሥርዓት ውስጥ ነው።

«ቡና ስለማበዛ ነው።» ቡና መተው የጆሮ ጩኸትን እንደሚያስቀር የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የለም። እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ማታ ማታ ይቅርብዎት፤ የጠዋቱን አቦል ግን ያለ ምክንያት አይጡ።

«ጩኸቱ ያደነቁረኛል።» አያደነቁርም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀንሰው መስማት ነው፤ ጩኸቱ ተከትሎ ይመጣል።

አሁን ወደ ጥጡ ልምጣ። «ጥጥ ካደረግሁበት ጫጫታው አይጎዳኝም፣ ጭውታውም ይቀንስልኛል» ይባላል። ሁለቱም ሐሰት ነው።

ጥጥ አየር ያሳልፋል፤ አየር በሚያልፍበት ድምፅም ያልፋል። የሚቀንሰው ጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ሲሆን በደንብ የገባ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግን 20 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። አዘዞ አካባቢ ወፍጮ ቤት የሚሠራ አንድ ሰው ለዓመታት ጥጥ እየወተፈ ሲሠራ ቆይቶ ወደ እኛ መጣ። ከጥጡ ጋር ዱቄት ወጣ። መስማቱ ሲለካ ቀጫጭን ድምፆችን በሁለቱም ጆሮዎቹ አጥቷል። «ተጠንቅቄ ነበር እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የመከረው ሰው ነው ያጠፋው።

በሥራ ቦታ የሚታወቀው መለኪያ ይህ ነው፦ 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን እስከ 8 ሰዓት፣ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል ግን 15 ደቂቃ ብቻ። መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገዎት ድምፁ ለጆሮ አደገኛ ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ ይቁጠሩት።

የሕንፃ ሠራተኞች የአደጋ መከላከያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን የስፖንጅ መድፈኛ ይጠይቁ። ግን አገባቡን ይወቁ። እጅዎን ይታጠቡ፤ ስፖንጁን በጣቶችዎ መካከል እያሽከረከሩ እንደ ቀጭን ጧፍ እስኪሆን ይጭመቁት። በሌላው እጅዎ የጆሮዎን ጫፍ በራስዎ ላይ አሻግረው ይዘው ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው ይቃናል። ስፖንጁን ያስገቡና እስኪያብጥ ድረስ በጣትዎ ይዘው ይቆዩ። ከውጭ ተንጠልጥሎ የሚታይ ከሆነ አልገባም፤ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።

ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፤ ጥጡን ቤትም ይዘውት ይገባሉ። ጆሮ የሚያደርሰው ድምፅ ሲያንስ አንጎል ለድምፅ ያለውን ንቃት ከፍ ያደርጋል። ጣቢያው የራቀበት ሰው የራዲዮኑን ድምፅ ሲጨምር ሽሽታውም አብሮ እንደሚጎላ ማለት ነው። ስለዚህ ጸጥታ ጭውታውን ያጎላዋል። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ከጠዋት እስከ ማታ ጥጥ ከጆሯቸው አይለይም ነበር። ሲመጡ የድስት ክዳን ድምፅ እንኳን ያስደነግጣቸው ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸውንም «ዝም በሉ» ማለት አብዝተው ነበር። ጥጡን ቀስ በቀስ አስወጣናቸው፤ መስኮት ከፍተው፣ ራዲዮ ለስለስ አድርገው እንዲውሉ መከርናቸው። ጭውታው ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ሲጫወቱ እየረሱት ይውላሉ።

ታካሚዎቼ ሳይነገራቸው የደረሱበት ነገርም አለ። ክረምት ላይ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድብ ደህና ይተኛሉ፤ በጋ ገብቶ ሌሊቱ ጭር ሲል «በሽታዬ ተነሣ» ብለው ይመጣሉ። በሽታው አልተነሣም፤ ዝናቡ ነው የቆመው። በበጋ በዝግታ የሚያወራ ራዲዮ ወይም የማራገቢያ ድምፅ ከአልጋዎ አጠገብ ያድርጉ።

«እንግዲያውስ በጆሮ ማዳመጫ ከፍ አድርጌ ልሸፍነው» የሚሉም አሉ፤ በተለይ ወጣቶች። አይሆንም። የሚረዳው ድምፅ ከጭውታው ትንሽ ዝቅ ብሎ አብሮት የሚሰማ ነው። በጩኸት ላይ ጩኸት መጨመር የቀረውን መስማት ይወስዳል።

«ጆሮዬ ጫጫታውን ለምዶታል።» ጆሮ አይለምድም። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሴሎች ከሞቱ አይተኩም፤ ለመደ የሚሉት መስማቱ ስለ ቀነሰ ነው።

«ከሠርግም ከበዓልም ልቅር።» ለምን? ጥምቀት ላይ ከፋሲል መዋኛ መቅረት አያስፈልግም፤ ከድምፅ ማጉያው ይራቁ እንጂ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። መድፈኛ በኪስዎ ይያዙ፤ ከበሮውና ድምፅ ማጉያው ሲበረታ ያድርጉት፣ ሲረግብ ያውጡት፣ በየመካከሉ ወጣ ብለው ጆሮዎን ያሳርፉ። ፒያሳ ካፌ ሲገቡ ከማሽኑና ከማጉያው ርቀው፣ ጀርባዎን ለግድግዳው ሰጥተው፣ የሚያነጋግርዎትን ሰው ፊቱን እያዩ ይቀመጡ። ከሰው የራቀ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚያዳምጠው ጭውታውን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ጭንቀቱም እንቅልፍ ማጣቱም ይደረባሉ።

«መድኃኒት የለውም፣ ቻለው።» ይህን የሚሉት ጎረቤቶች ቢሆኑ ባልተቆጣሁ፤ የጤና ባለሙያዎች ሲሉት ግን እናደዳለሁ። ጭውታውን ጨርሶ የሚያጠፋ የተረጋገጠ ክኒን እንደሌለ እውነት ነው። ግን መስማት ይለካል፤ የቀነሰ ካለ የመስሚያ መሣሪያ ለመስማቱም ለጭውታውም ሊያግዝ ይችላል። ጭንቀቱንና የእንቅልፍ ማጣቱን የሚያቃልል የሥነ ልቦና ሕክምና አለ። የደነደነ የጆሮ ኩክ ከሆነ ይወጣል። የሚወስዱት መድኃኒትም ይታያል፤ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች፣ ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒትና በብዛት የተወሰደ አስፕሪን ጆሮ ሊያስጮኹ ይችላሉ። በራስዎ ፈቃድ ግን አያቋርጡ፤ ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩ።

ክብሪት፣ የብዕር ክዳን፣ የዶሮ ላባ ጆሮ ውስጥ አይገባም። የነጭ ሽንኩርት ጭማቂም እንዲሁ፤ ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ጉዳቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

«ትንሽ ልጠብቀው» የሚባለው ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ጭውታው በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምትዎ ጋር እኩል የሚመታ ከሆነ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ይመርመሩ። አንድ ጆሮዎ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ ዕለቱን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለዚህ የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ወራት አሳልፎ ለሚመጣ ሰው ልናደርግለት የምንችለው በጣም ጥቂት ነው።