ሩትማስተር ምንድን ነው?

የድሮ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ፎቶ በወጣ ቁጥር ከሥሩ «ሩትማስተር» ተብሎ ይጻፋል። ሰሞኑን ያየሁት ፎቶ «ለንደን፣ 1949» ይላል። በዚያ ዓመት ሩትማስተር የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ናሙና ለሕዝብ የታየው በ1954 ነው፤ መንገደኛ መጫን የጀመረው በ1956 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ፎቶው ላይ ያለው የእሱ ታላቅ፣ አርቲ የሚባለው አውቶቡስ ነው።

«ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ባለ ፎቅ፣ ሁለቱም ከኋላ የሚገባባቸው፤ ታዲያ ምን ለያቸው?» ብሎ የሞገተ ሰው አለ። የለያቸው አሠራራቸው ነው። አርቲ እንደ ጭቃ ቤት ነው። ሸክሙን የሚችለው እንጨቱ፣ ማለትም ሻንሲው (ከሥር ያለው የብረት ፍሬም) ነው፤ ቦዲው ከላይ የተመረገ ጭቃ ነው። ሻንሲውን ኤኢሲ የተባለው ፋብሪካ ሠራ፣ ቦዲውን ሌሎች ፋብሪካዎች፣ እነ ፓርክ ሮያልና ዌይማን። ለዚህ ነው የብዙዎቹ የእንግሊዝ የድሮ አውቶቡሶች መጠሪያ ሁለት ስም የሚኖረው። ራዲያተሩ ላይ ያለው አርማ የቦዲውን ሠሪ አይነግራችሁም።

ሩትማስተር ግን የድንጋይ ቤት ነው፤ ግድግዳው ራሱ ይሸከማል። ወጥ ሻንሲ የለውም። የአሉሚኒየሙ ቦዲ ራሱ ዋናው አካል ነው፤ ሞተሩም ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በተገጠሙለት ሁለት አጫጭር ፍሬሞች ላይ ናቸው። ስለዚህም አርቲ 56 ሰው ሲያስቀምጥ እሱ 64 አስቀምጦ ከአርቲ አይከብድም።

ጭቃ ተልጦ ሌላ እንጨት ላይ ሊመረግ ይችላል። አልደናም በሚባለው በዚያን ጊዜ በነበረው ትልቁ የለንደን አውቶቡሶች የጥገና ጋራዥ የአርቲ ቦዲ ተነስቶ ሌላ ሻንሲ ላይ ይጫን ነበር። እዚያው ግን የድንጋዩን ቤትም ከመሠረቱ እያነሱ ሌላ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ስለዚህ የጎን ቁጥሩን (ድርጅቱ ለአውቶቡሱ የሰጠውን መለያ) አይታችሁ ስለ ቦዲው ዕድሜ አትማሉ። ታርጋውንም ቢሆን አትመኑት፤ የብዙ ሩትማስተሮች የመጀመሪያ ታርጋ ኋላ ወደ ሌላ መኪና ተዛውሯል።

ፎቶ ላይ አፍንጫውን እዩ። የአርቲ ራዲያተር ምንም ሳይሸፍነው ቀጥ ብሎ ይታያል። የሩትማስተር ከፍርግርግ ጀርባ ነው፤ የፊት መብራቶቹም ቦዲው ውስጥ ገብተዋል። ጎኑ መሃል ላይ አንዲት አጭር መስኮት ካለች ረጅሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ 72 ሰው የሚያስቀምጠው ዓይነት ነው።

ቀለሙና በሩ ግን አይቆጠሩም። ከ2,876ቱ ሩትማስተሮች መካከል ለገጠር መስመር የተሠሩ አረንጓዴዎች አሉ። የእንግሊዙ ቢኢኤ አየር መንገድ መንገደኞቹን ወደ ሂትሮው የሚወስድባቸው 65ቱ ደግሞ በራቸው ከፊት ነበር። ሲገዙ ቀለማቸው ሰማያዊና ነጭ ነበር፤ ሻንጣ የጫነ ተሳቢም ይጎትቱ ነበር። የአንዱ ፎቶ ሲወጣ ደግሞ ያው ሰው «ይሄስ ሩትማስተር አይደለም» ይላል። ነው።